ከቤይሩት አቴና

ሻርሆልመን፣ ስቶክሆልም
ኅዳር ፲፱፻፹፰ ዓ.ም.

ለወንድም ጋሼ፣

እንደምን ከርመሃል? ጤናህስ? ያ የወገብህ ሕመም ተሻለህ ወይ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። ደኅና ነኝ ስልህ እንዳትደነግጥ።

አንተ አቴና ሆነህ ቤይሩት ለሰው ቤት ሥራ ስትልከኝ እማዬ ልጄን ባሕር ማዶ አልሰጥም ብላ አልቅሳ ነበር። በስልክ ያባበልካት አንተ ነህ። ከአቴና ቤይሩት በአውሮፕላን ሁለት ሰዓት አይሞላም፣ ቅዳሜ ሄጄ እሑድ እመለሳለሁ፣ እኔ እያለሁላት ምን ትሆናለች አልካት። አመነችህ። እኔም ሞኟ አመንኩህ!

እመቤቲቱ ፓስፖርቴን ቀምታ በር ስትቆልፍብኝ፣ በጎረቤት ሠራተኛ በኩል ድረስልኝ ብዬ ላክሁብህ። ያኔ መንገዱ ረዘመ። ባሕሩ ሰፊ ነው፣ ቪዛው አስቸጋሪ ነው፣ ታገሺ አልከኝ። ወይ ጉድ! ሰው ሲልኩበት ቀርቦ፣ ሊያወጡት ሲሉ የሚርቅ አገር አለ እንዴ?

ባለፈው ነሐሴ እመቤቲቱ እዚህ ስቶክሆልም፣ ስፖንጋ የሚባል ሰፈር ያለች እህቷን ልትጠይቅ ስትመጣ፣ ሕፃኑን እንድይዝላት አስከተለችኝ። አውሮፕላኑ መጀመሪያ አቴና አረፈ። አብራሪው ከሺህ ኪሎ ሜትር ጥቂት ያለፈ መንገድ መጣን አለ። እውነትህን ኖሯል፣ ሁለት ሰዓት አልሞላም። ሕፃኑ እንኳ እንቅልፉን አልጨረሰም።

እሷ ሽቶ ስትመርጥ ከአንዲት ግሪካዊት ሳንቲም ለምኜ ደወልኩልህ። አነሳህ። ወንድም ጋሼ፣ ባዩሽ ነኝ፣ እዚሁ አውሮፕላን ማረፊያው ነኝ አልኩህ። ትንፋሽህ ይሰማኝ ነበር። ከዚያ ስልኩ ተዘጋ። ሳንቲሙ አልቆ ነው ብዬ ሳዝን ነበር፤ የኔ ነገር!

ስፖንጋ እንደደረስን ጠፋሁ። ባቡር ላይ ሳለቅስ ያየችኝ ያገራችን ሰው፣ እትዬ ብርቅአየሁ፣ ቤቷ አስገባችኝ። ጥገኝነት ጠይቄ መልስ እየጠበቅሁ ነው። ባለፈው ሳምንት አቴና ላለች ያክስቷ ልጅ ደውላ ስለኔ ስታወራ ሴትየዋ ጮኸች። ምን ማለትሽ ነው፣ ግንቦት ላይ እኮ ወንድሟ ቤት ለቅሶ ተቀምጠንላታል አለች። ቤይሩት ያስገባኝ ደላላ ሞታለች ሲልህ፣ ሄደህ ሳታይ፣ ለእማዬም በዕድርተኞቿ አፍ መርዶዬን አስነግረሃታል። ተስካሬንም አውጥተሃል። ድግሱ ጥሩ ነበር አሉ፤ ደግ አደረግህ!

እማዬ ዛሬም ከል እንደለበሰች ናት።

የግንቦቱን በደላላው አሳብብ። የነሐሴውን በማን ታሳብባለህ?

እማዬ ድንገት ድምፄን ብትሰማ ልቧ አይችለውም፤ ደስታም ይገድላል። ቀስ ብሎ የሚነግራት ሰው ያስፈልጋል። መርዶውን የላክህባት አንተ ነህና የምሥራቹንም አንተው ንገራት። ለገና ከሏን አውልቃ ነጭ ትልበስ። አልነግርም ካልክ እትዬ ብርቅአየሁ ሰው ትልክባታለች፤ የሚሄደው ሰው የስልኩንም ነገር ይነግራታል።

እግዚአብሔር ዕድሜና ጤና ይስጥህ። በቁምህ ከሚያለቅስልህ ወንድም ይሰውርህ።

አልቅሰህ የቀበርካት
እህትህ