ጤና አዳሙ ላይ ያለው አባጨጓሬ

ሰኞ፣ ሴፕቴምበር 14፣ ጠዋት 1 ሰዓት
አሁንም ጓሮ፣ ጤና አዳሙ ሥር ተንበርክኬ። ሃያ ስድስት ፎቶ፣ ሃያ አምስቱ ብዥ ያለ። ነፋሱ አይቆም፣ እኔ አልረጋ። አባጨጓሬው ቁርጥ የወፍ ኩስ፤ ስነካው ሁለት ብርቱካናማ ቀንድ አውጥቶ ገማ። ደስ አለኝ። መብላት አቁሟል፣ ቆዳውን ሊቀይር ነው መሰለኝ። ሥራዬ ላይ፣ ፌርፋክስ የሰው መኪና ፓርክ ሳደርግ፣ እሱን ሳስብ ነው የምውለው።

ማክሰኞ፣ ሴፕቴምበር 15
እትዬ አሰለፈች መቀስ ይዘው መጡ። ጓሮው የሳቸው፣ እኔ የኋላ ክፍሉን የተከራየሁ። ቅዳሜ የማኅበሩ ተራ የሳቸው ነው፣ ጤና አዳሙ እርጎው ውስጥ ይገባል። ለአባጨጓሬው ፈርቼ አፌ ቀደመኝ፦ ትናንት የትል መድኃኒት ረጭቼበታለሁ፣ አይነኩት አልኳቸው። ቅጠሉን አይተው አይተው ገቡ። በቃ፣ ተገላገልኩ። ደብተሬ፣ ዝም በለኝ።

ሐሙስ፣ ሴፕቴምበር 17፣ ከቀኑ 10 ሰዓት
ከሥራ ስመጣ ባዶ ጉድጓድ። እትዬ አሰለፈች ከነሥሩ ነቅለውታል። መርዝ የነካው ለማኅበርተኛ አይቀርብም አሉ፤ ሰው ሳያውቅ ቢቀጥፈውስ። አልተቆጡም፤ እንዲያውም ስላሰብክልኝ እግዜር ይስጥህ አሉኝ። ዘሩን ያመጣችላቸው ታናሽ እህታቸው ነበረች፣ ሟቿ። ይሄን የሰማሁት ዛሬ። ምን ዓይነት ሰው ነኝ፤ ለአንድ ትል ፎቶ ብዬ።
ቆሻሻ መጣያውን በረበርኩ። ሥሩ ደቋል። ሦስት ቅርንጫፍ ደህና፤ አንዱ ላይ አባጨጓሬው ሙጭጭ ብሏል። ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ከተትኳቸው። ፎቶ የሚባል አላሰኘኝም።

ዓርብ፣ ሴፕቴምበር 18፣ ጠዋት 12፡30
ቅርንጫፎቹ አልጠወለጉም። ሥር ያወጣሉ፣ ጤና አዳም እንዲህ ነው። አባጨጓሬው ቆዳውን ጥሎ አደረ፣ ሳላየው። ይሁን።
ቁጭ ብድግ። ዝም ብዬ ብሰጣቸው መርዝ አለበት ብለው ይጥሉታል፣ የእህታቸው ዘር በዚያው ያልቃል። ብናገር በከንቱ እንደነቀሉት ያውቃሉ፤ በገዛ እጃቸው። የቱ ይሻላል? ክፍሉን ልቀቅ ቢሉኝም እውነት አላቸው።
የወጥ ቤታቸው መስኮት ተከፈተ። ለነገ ሽንኩርት መላጥ ጀምረዋል። ኦኬ። ብርጭቆውን ይዤ እሄዳለሁ፣ ሳልቀመጥ እናገራለሁ፦ እትዬ፣ እኔ ምንም መድኃኒት አልረጨሁም፣ ዋሽቼዎት ነው።