የሻምበል ሳል

ለእህቴ ልጅ፣ ለነዝናዛዋ፤

እንደምን ሰነበትሽ? ጤናሽስ? ወገብሽን የምታሳምምሽ የቢሮ ወንበርሽ ዛሬም አለች? አምጪያትና እግሯን ላስተካክልልሽ፤ አናጺ አጎት ያለው ሰው ጎብጦ መሥራት የለበትም። አክስትሽ እኔን እየተቆጣች በጤና አለች።

ሻምበልም ደህና ነው። ደህና የሆነው ግን በቅርቡ ነው፤ ደብቄሽ ነበር።

አደራ ብለሽ የሰጠሽኝ ውሻ፣ በዚያ በእርጅናው፣ አጥንት የተሰነቀረበት ይመስል አንገቱን አስግጎ ሲያስል ከረመ። እኔም ሳልማር ሐኪም ሆንኩና «ብርድ መትቶት ነው» አልኩ። ምንጣፉን ወደ ሥራ ክፍሌ አስገባሁ፣ መስኮቱን ዘጋሁ፣ የበሩን ስንጥቅ በጨርቅ ወተፍኩ። ሳሉ ባሰበት። ሌላ ጨርቅ ጨመርኩ።

በመጨረሻ አክስትሽ ገፍታ የእንስሳት ሐኪም ዘንድ ላከችን። ሐኪሟ ልጅ እግር ናት፤ እንዳንቺው ጥያቄ አያልቅባትም። የት ይተኛል? የእንጨት ብናኝ አለ? ቫርኒሽ? ሽቶ ትረጫላችሁ? ቤት ውስጥ የሚያጨስ ሰው አለ?

«ኧረ በፍጹም!» አልኳት።

የሻምበልን አንገት አሸተተችና «ታዲያ አባቴ፣ የሚያጨሰው እሱ ነው?» አለችኝ።

ልቡን አዳመጠች፣ ደረቱን ራጅ አነሳችው። «ሌላ የከፋ ነገር የለበትም፤ ሳሉን የሰጠው ቤታችሁ ነው» አለች።

እንግዲህ ስሚኝ። ሲጋራ ተውኩ ብዬ በእናትሽ ምዬልሽ ነበር። አልተውኩም። መስኮቱን ዘግቼ አጨስ ነበር፤ ከዚያ አክስትሽ እንዳይሸታት ክፍሉን በሽቶ አጥባለሁ። ሻምበል እግሬ ሥር ተኝቶ ሁሉንም ይስበዋል። በሩን ብከፍትለት እንኳ አይወጣም፤ እኔ ካለሁበት አይለይም። ይህ ነው ያንገበገበኝ።

አሁን የሚተኛው ሳሎን፣ ክፍት መስኮት አጠገብ ነው። እንጨት የምልገውም ቫርኒሽ የምቀባውም ደጅ ነው። ሽቶው ተጥሏል። ፓኮዬን ለአክስትሽ በገዛ እጄ ሳስረክባት «የምስማር ሣጥን ውስጥ ያለውስ?» አለችኝ። ታውቅ ኖሯል!

ሻምበል ካሳለ ሦስት ሳምንት አለፈው። ትናንት የጎረቤት ድመት እስከ አጥሩ አባረረ፤ ከዚያ ምን ሊያደርጋት እንደነበር ረስቶ ተመለሰ።

አሁን ቤት ውስጥ ሳል ሲሰማ አክስትሽ ወደ ሻምበል አትዞርም። የእንስሳት ሐኪሟም የሱን መድኃኒት ስትሰጠኝ ሳስል ጆሮዋን ቀሰር አድርጋ ሰማችኝና የሌላ ሐኪም፣ የሰው ሐኪም፣ አድራሻ ጻፈችልኝ። ሐሙስ ጠዋት ቀጠሮ አለ። አክስትሽ አብሬ ካልሄድኩ ብላለች። ሽማግሌው ብቻውን እንዳይውል፣ ረቡዕ መምጣት ብትችይ ደስ ይለዋል። ፈርቷል መሰለኝ።

ለሱ ብዬ ነው የምልሽ።

ፈጣሪ መንገድሽን ያቅናው፣ ደረትሽን ከክፉ ይጠብቅልሽ።

ውሸታሙ አጎትሽ