ወንዳለ «አንቺ» ያለበት ትዕይንት

ጥር 9

ልብስ አጠብሁ። ነፋሱ ከወደቡ በኩል መጥቶ ከገመዱ ጣለብኝ። ደግሜ አጠብሁ። ምስር ቀቀልሁ፤ ጨው አነሰው።

ከሰዓት በኋላ ቴሌቪዥን ብከፍት ወንድሜ ወንዳለ። የባንክ ዘበኛ ሆኖ። ፊልሙ የዛሬ ሃያ ዓመት የተሠራ ነው… ጠጉሩ ገና ጥቁር። ከቀበርነው ሰባት ወር ሆነው፤ እሱ ግን በር ላይ ቆሞ የሰው ቦርሳ ይፈትሻል። ትናንት በሌላ ጣቢያ ሐኪም ነበር። ባለፈው ሳምንት ሰካራም። በየትኛው በኩል እንደሚመጣብኝ አላውቅም።

አላጠፋሁትም። እስኪያልቅ አየሁት።

ጥር 11

ደብተሩን አወጣሁ። የተጫወታቸውን ሁሉ የመዘገብሁበት። በሃያ ስምንት ዓመት ሃምሳ ሦስት ሰው ሆነ። ዘበኛ አራት ጊዜ፣ ቄስ ሦስት፣ ጠራጊ አምስት፣ ድንበር አሻጋሪ፣ ዳኛ፣ ባለታክሲ፣ እብድ፣ አንድ ጊዜም አሮጊት። (የአሮጊቷን ማስነጠስ ከእኔ ነው የሰረቀ።) ዘጠኝ ጊዜ ሞተ። ዋናው ሰው ሆኖ አያውቅም።

እንዴት ጀመረ? ወደብ ላይ ጭነት ሲያወርድ ነበር። የፊልም ሰዎች ኢትዮጵያዊ ሽማግሌ ፈልገው መጡ። አርባ አራት ዓመቱ ነበር። እዚያው ፊታቸው አረጀላቸው።

ፊልሙ ባለቀ በአምስት ደቂቃ ስልኬ ይጮኻል። «እታለም፣ ዛሬ ደግሞ ምን አጠፋሁ?» እነግረዋለሁ። ዳኛው ቸኮለ። ቄሱ ቃላት ይውጣል። ሁልጊዜ የምነግረው አገኝ ነበር።

ጥር 14

ሺረል የምትባል ልጅ መጣች። በወንዳለ የመጨረሻ ፊልም ላይ የዳይሬክተሩ ረዳት ናት። እዚሁ እስራኤል የተወለደች፤ አማርኛዋ ግማሹ ዕብራይስጥ። አያቴ ለማለት «ሳፍታ» ትለኛለች።

«ሳፍታ፣ አንድ ስጼና ላይ ታዑት አለ» አለችኝ።

«ትዕይንት። ስህተት» አልኋት።

«ኬን፣ አዎ፣ እሱ። ፊልሙን ለትንሽ ሰው አሳየነው፤ የእኛ ሽማግሌዎች ተቆጡ። ወንዳለ ለአንዲት አሮጊት ልጇ እንደሞተ ይነግራታል። ግን ‹አንቺ› አላት። በዕብራይስጥ እኮ ሁሉም አንድ ነው፤ ማንም አልነቃም።»

ወንዳለ? ሲያረዳ? አሮጊት እናትን «አንቺ»? አባታችን ቢሰማ…

ዳይሬክተሩ አማርኛ አያውቅም። ከቀረጻዎቹ ሁሉ ያንን የመረጠው ወንዳለ ያለቀሰበት ስለሆነ ነው አለች። «አንቺ ትክክሉን ጻፊልን፤ ድምፁን ኮምፒውተር ይሠራዋል።»

«የማንን ድምፅ?»

«የእሱን። ብዙ ቅጂ አለን። ማሽኑ ከዚያ ይማራል።»

እሺ አልሁ። ስህተት ተሠርቶ ዝም ማለት አልችልም።

ጥር 16

ሺረል ትዕይንቱን አሳየችኝ። ሥርዓቱን ጠብቀዋል። ገና ሲነጋጋ፣ ወንዳለ ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር በሩ ላይ ይቆማል። ሴትዮዋ ትወጣለች። በጽሑፉ ያለው ይህ ብቻ ነው፦ «እማማ፣ ልጅዎ ዐርፏል። እግዚአብሔር ያጽናዎት።»

እሱ ያለው ግን፦ «እታለም… ልጅሽ የለም። ደብዳቤ ሲጽፍልሽ ነው ጥይቱ ያገኘው። በግራ እጁ ሲጽፍ።»

ልጁ በጽሑፉም ወታደር ነው። ደብዳቤ ግን የለም። ግራ እጅ የለም። ከራሱ ጨመረ። በሰባ ሁለት ዓመቱ!

ጻፍሁላቸው። «ዐርፏል» በዐይኑ ዐ መሆኑን አሰመርሁበት። ለሚሰማ ቃል ምን ያደርጋል? እንዲህ ነው የተማርሁት። ከታች፦ «ስለ ደብዳቤና ስለ እጅ ያለው ይውጣ። አላስፈላጊ ነው።» ፈረምሁ። ወሰደችው።

ጥር 17

ለምን ግራ?

ጥር 19

ሁለት ቀን እህል አልቀመስሁም።

ስዩም ግራኝ ነበር። የበኩር ልጄ። ጎንደር እናቱም መምህሩም እኔ ነበርሁ። በግራ ሲጽፍ እጁን በመቀነት ወደ ኋላ አስሬ በቀኝ አስለመድሁት። ሁለት ዓመት አሰርሁት። ከዚያ ወዲህ እኔ ፊት በቀኙ ይጽፋል፤ ዘወር ስል በግራው። ይህን ፊልሙን የጻፈው ሰው ከየት ያውቃል? የሚያውቅ ወንዳለ ነው።

በሰማንያ አንድ ለውትድርና ወሰዱት። አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ። ወሬ የለም። መርዶ የለም። መርዶ ስላልመጣ አላለቀስሁም። በየቢሮው የልጆች ብዛት ሲጠይቁኝ አራት እላለሁ። ኮምፒውተራቸውን አይተው «ሦስት ነው የሚለው» ይሉኛል። «አራት ብለህ ጻፍ» እለዋለሁ።

እና «አንቺ»… አባት እናቴ የሉም። ባሌ የለም። እዚህ የተወለዱትን አልቆጥርም፤ አያውቁም። በዓለም ላይ አውቆ «አንቺ» የሚለኝ፣ «እታለም» የሚለኝ ወንዳለ ብቻ ነበር።

ለዚያች ተዋናይ አልነበረም የሚናገር።

ጥር 21

በአውቶቡስ ሮቫ ዳሌት ወደሚባለው ሰፈር ሄድሁ፣ ዋሴ ዘንድ። የወንዳለ የወጣትነት ጓደኛ ነው፤ አብሮን ነው የመጣ። ግሮሰሪው ፊት ወንበር ላይ ተቀምጦ ሱፍ ይቆረጥማል።

«እትዬ አትክልት! ምነው፣ ቢያስጠሩኝ አልመጣም?»

«ስዩም መቼ ሞተ?»

ሱፉን መቆርጠም አቆመ። «ማን ነገረዎት?»

«ወንዳለ።»

«ወንዳለ እኮ…»

«አዎ። መቼ?»

መሬት መሬት አየ። «በሰማንያ ሦስት። አዲስ አበባ አውሮፕላኑን ስንጠብቅ፣ ከግንባር የሸሸ ልጅ መጥቶ ነገረን። ሽማግሌዎቹ ‹ከተረዳች አትሳፈርም፤ ልጆቹም አብረው ይቀራሉ› አሉ። ኢየሩሳሌም ስንገባ እናረዳታለን ተባለ።»

«ገባን። ከዚያስ?»

«ከዚያ አንቱ ታመሙ። ከዚያ ባልዎ ሞተ። ከዚያ ዓመቱ ረዘመ… ረዘመና አሳፈረን።»

«ደብዳቤውስ?»

«አልመጣም። በግራው ይጽፍ ነበር፣ አለን ልጁ። ይኸው ነው።»

«ወንዳለ አፍ አልነበረውም?»

ቀና ብሎ አየኝ። «ይቆጡኝ ይሆናል። በየዓመቱ ልነግራት ነው ብሎ ተነሥቶ ይመጣል። በሩ ላይ ሲደርስ ‹ኮሌታህ ተጣሟል፣ ይህ ምን ዓይነት አማርኛ ነው› ይሉታል። ተመልሶ እኔ ዘንድ ይመጣል። ካሜራ ፈርቶ አያውቅም እኮ። አንቱን ነው የሚፈራ።»

ወደ አውቶቡሱ ተመለስሁ። ኮሌታው በእርግጥ የተጣመመ ነበር።

ጥር 23

ሺረል ማሽኑ የሠራውን ይዛ መጣች። ደስ ብሏታል። ከፈተችው።

«እማማ፣ ልጅዎ ዐርፏል። እግዚአብሔር ያጽናዎት።»

የወንዳለ ድምፅ። ጥርት ያለ። አንድ እንከን የለበትም። ዕድሜ ልኬን እንዲህ እንዲናገር ነበር የለፋሁት… ይኸው ተናገረ። ውስጡ ማንም የለም።

«አጥፊው» አልኋት።

«ሳፍታ፣ አንቺ እኮ ነሽ የጻፍሽው! ፈርመሽበታል።»

«ተሳስቻለሁ።»

«አንቺ? ለበማዩ ምን ልበለው?»

«ለዳይሬክተሩ፣ እኅቱ አርጅታለች፣ ተሳሳተች በይው። ወንዳለ ያለው ትክክል ነው። የልጄ መርዶ ነው፤ ሌላ የለኝም።»

መርዶ የሚለውን ቃል አታውቅም። የሞት ወሬ አይደለም አልኋት። ወሬውን ሽማግሌ ይዞት ቤትሽ ይመጣል፤ ቆሞ ይነግርሻል፤ ያን ጊዜ ማልቀስ ይፈቀድልሻል። ዕብራይስጥ ፈለገችለት… አጣች። ስለ ስዩም ነገርኋት። ኮምፒውተሩን ዘጋች። መሐረብ ሰጠኋት።

እጠይቀዋለሁ አለች። ሥራው ግን አልቋል፤ ገንዘቡም ተከፍሏል፤ እሺ ማለቱን እንጃ አለች።

ጥር 28

አልደወለችም።

የካቲት 3

ራቢውን፣ የሃይማኖት መምህራችንን፣ ጠየቅሁ። የሞት ወሬ ከሠላሳ ቀን በኋላ የደረሰው ሰው ለለቅሶ የሚቀመጠው አንድ ሰዓት ነው አለኝ። አንድ ሰዓት ብቻ? አንድ ሰዓት ብቻ።

ሦስቱ ልጆቼ መጡ። ምንጣፍ ላይ ተቀመጥን። ዋሴም መጣ፤ በሩ አጠገብ ቀረ፤ ግባ አልሁት። መጀመሪያ ዕንባ እምቢ አለ። ከዚያ ያን መቀነት አሰብሁ፣ ቋጠሮውን… እጁን ስፈታለት ጣቶቹን እንዴት እንደሚያፍታታ። በስልሳኛው ደቂቃ ተነሣሁ። ሥርዓት ነው።

ከእንግዲህ ቢሮ ሲጠይቁኝ ምን እላለሁ?

የካቲት 19

ሺረል ደወለች። ዳይሬክተሩ ሰማት። ፊልሙን ከስቱዲዮ ይዞ ሄዷል። ከሁለቱ ድምፆች የትኛውን ፊልሙ ላይ እንደተጠቀመ አታውቅም።

መጋቢት 18

ፊልሙ ዛሬ ሮቫ ዩድ ዛይን ሰፈር አዳራሽ ታየ። ልጆቼ እንምጣ አሉ፤ ብቻዬን ሄድሁ። ዳይሬክተሩ በሩ ላይ እጄን ጨበጠኝ። ፊቱን አየሁት፤ ምንም አይነበብበትም። ወንዳለ «እማማ» ካለ ተነሥቼ እወጣለሁ ብዬ ዳር ያዝሁ።

ወንዳለ ብቅ ሲል ሰው አጨበጨበ። ከዚያ ያ ንጋት መጣ። በሩ። ሁለቱ ሽማግሌዎች። ሴትዮዋ ወጣች።

«እታለም…» አለ ወንዳለ።

ከኋላዬ አንዲት ሴት ከንፈሯን አጣመመች መሰለኝ። «ኤዲያ! እንዲህ ያሉትን እናት አንቺ? ስንት ዓመት የሠራ ሰው ይህን አያውቅም?»

ዞርሁ። «ወንድሜ ነው። የሚያረዳ እኔን ነው» አልኋት።

በጨለማው ወደ እኔ ጎንበስ አለች።

«ማንን ነው?»

«ልጄን። ስዩምን።»

«መቼ ነው ያረፈው?»

«የዛሬ ሠላሳ አራት ዓመት። አሁን ነው የሰማሁ።»

ከወንበሯ ተነሣች፤ የሰው ጉልበት እያቋረጠች መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። ነጠላዋን እንደ ለቅሶ ዘቅዝቃ ለበሰች።

ወንዳለ ገና እየተናገረ ነበር።