በስክሪን ላስቲክ ላይ ስላረፈ አንድ ጥፍር

ለተከበሩ የወጣቶች መዝናኛ ማዕከላችን ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናዎ፣ ለቤተሰብዎና ለወንበርዎ መልካሙን ሁሉ እየተመኘሁ፣ ለውድድር አዳራሹ እንዳስመጧቸው አሥራ ሁለት ስክሪኖች እርስዎም ሳይጫሩ፣ አቧራ ሳይነካዎ፣ ከነማሸጊያዎ ረጅም ዕድሜ ይኖሩ ዘንድ እጸልያለሁ።

እኔ ከማዕከሉ አጥር ጀርባ ባለችው አንድ ክፍል ውስጥ ኮሌታ የምገለብጥና ዚፕ የምቀይር ልብስ ሰፊ ነኝ። ስለ ኮምፒውተር ያስተማረኝ የለም። ስክሪኖቹ የመጡባቸውን ካርቶኖች ንብረት ክፍሉ ወደ ጓሮ ሲጥላቸው ለልብስ ንድፍ ይሆኑኛል ብዬ ሰበሰብኳቸው፤ የተጻፈበትን ነገር ሳላነብ መቁረጥ ስለማይሆንልኝም ከነመመሪያቸው አነበብኳቸው። የቀረውን ያገኘሁት አንዲት ደንበኛዬ አዝራር ጠቅልላ ካመጣችበት የኮምፒውተር መጽሔት ገጽ ላይ ነው። እንግዲህ ከእውቀቴ ግማሹ ከእርስዎ ጓሮ የተለቀመ ነውና ምስጋናው አስቀድሞ ይድረስዎ።

የምጽፍልዎ ስለ እህቴ ልጅ ነው። አብራኝ ትኖራለች። ባለፈው ቅዳሜ በኮምፒውተር የተኩስ ጨዋታ ውድድር ማጣሪያ ላይ የስክሪኑን ላስቲክ ጫፍ በጥፍሯ ስላነሳች «ንብረት በማጉደል» ታግዳለች። የመጨረሻው ዙር የፊታችን ቅዳሜ ነው። እሷ ግን ሁለት ዓመት የተለማመደችበትን ማውስ በካልሲ ጠቅልላ መሳቢያ ውስጥ ከታዋለች። ማመልከቻዬ የማዕከሉን ኮሚቴ ስብሰባ እየጠበቀ ስለሆነና የማስታወቂያ ሰሌዳው ግን ስብሰባ ስለሌለበት፣ ቅሬታዬን እዚህ ሰሌዳው ላይ ለጥፌ በተራ አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ስፋቱ። ሌሎች ማዕከላት ሃያ አራት ኢንች ሲገዙ እርስዎ አርባ ሦስት ኢንች በመግዛትዎ በእንግዳ ፊት ኮርተናል። ለተወዳዳሪ የሚበጀው አንገቱን ሳያዞር አራቱንም ማዕዘን ባንድ እይታ የሚይዝበት፣ ሃያ አራት ቢበዛ ሃያ ሰባት ኢንች የሆነ፣ አንድ ክንድ ርቀት ላይ የተቀመጠ ስክሪን መሆኑን የአዝራሩ መጠቅለያ ይናገራል። ኮሚቴው ግን ስክሪን የመረጠው ሰው ለሳሎን ምንጣፍ በሚመርጥበት ዓይን ነው፤ ምንጣፍ ደግሞ ሲሰፋ ያምራል።

ሁለተኛ፣ ስለ ርቀቱ። «ቴሌቪዥን ቀርቦ ያየ ዓይኑ ይጠፋል» ብለው ወንበሮቹን ከስክሪኖቹ ሁለት ሜትር ተኩል አርቀው ወለሉ ላይ በብሎን አሳስረዋቸዋል። ለዓይናችን ስላሰቡ እግዜር ይስጥልኝ። እናቴም እንዲሁ ትል ነበር፤ እናቴ ግን ወንበር በብሎን አላሰረችም። ሰኞ ዕለት አዳራሹ ባዶ ሳለ ገብቼ ከነዚያ ወንበሮች ባንዱ ተቀመጥኩና የእህቴን ልጅ የእገዳ ደብዳቤ አጋድሜ ክንዴን ዘርግቼ ብይዘው፣ አርባ ሦስቱ ኢንች በሙሉ ከደብዳቤው ጀርባ ተሰወረ። በትልቁ ገዝተው በብሎን አሳነሱት ማለት ነው። ከዚያ ርቀት የተጋጣሚ ጭንቅላት የክር ቋጠሮ ታክላለች። እኔ ቀኑን ሙሉ መርፌ ቀዳዳ ክር ሳስገባ የምውል ሰው ነኝ፤ መርፌውን ማዶ ግድግዳ ላይ ተክዬ ግን ሞክሬ አላውቅም።

ሦስተኛ፣ ስለ ፍጥነቱ። ካርቶኑ «በሰከንድ መቶ አርባ አራት ምስል» ይላል፤ ኮምፒውተሮቹ ግን ከመጡ ጀምሮ ስልሳ ላይ ተቀምጠዋል። ለማስተካከል ማውሱን ሦስት አራት ጊዜ መጫን ይበቃል። ንዑስ ኮሚቴ ካስፈለገው እንጠብቃለን።

አራተኛ፣ ስለ ላስቲኩ። ፋብሪካው ስክሪኑ በመንገድ እንዳይጫር የለበጠው ስስ ላስቲክ እስከ ዛሬ አልተነሳም። ምክንያቱን ንብረት ክፍሉን ብጠይቅ፣ «እትዬ፣ የንብረት ቁጥሩ የተለጠፈው ላስቲኩ ላይ ነው። ላስቲኩ ከተነሳ ቁጥሩ ይነሳል፤ ቁጥሩ ከተነሳ ስክሪኑ የለም ማለት ነው» አሉኝ። ፊት ለፊቴ የቆመውን ስክሪን እያየሁ የለም ማለት እንደሚቻል ያወቅኩት ያን ቀን ነው። ቁጥሩ የተለጠፈው ከላይ በግራ ጥግ፣ ጨዋታው ተጋጣሚ በየት በኩል እየመጣ እንደሆነ በትንሽ ሥዕል በሚያሳይበት ቦታ ላይ ነው። የእህቴ ልጅ ሦስት ጊዜ ከጀርባዋ ተመታች። ዳኛው ሦስቱንም ጊዜ «እጅሽ ዘገየ» አሏት። በአራተኛው ከወንበሯ ተነስታ ሄዳ ጫፉን በጥፍሯ አነሳች፤ ላስቲኩ ተነስቶ በቆየበት ሁለት ደቂቃም አራት ተጋጣሚ ጣለች። ሌላ ሰው ይህን ችሎታ ይለው ይሆናል፤ ኮሚቴዎ ጉድለት ብሎ መዝግቦታል።

አምስተኛም ነበረኝ። ጠረጴዛው ከስክሪኑ ጋር ማዶ ስለቀረ ተወዳዳሪዎች ማውሳቸውን ጉልበታቸው ላይ ባስቀመጡት የካፌ ትሪ ላይ ስለሚያንሸራትቱ ነው። ሆኖም አስተናጋጆቹ ሻይ በእጃችን ማመላለስ ሰለቸን ሲሉ ስለሰማሁ፣ ይህን እነሱ ራሳቸው ቢጽፉልዎ ይሻላል።

የምጠይቅዎ ትንሽ ነው። እገዳው ይነሳላት፤ ለቅዳሜ ላስቲኩ ይላጥ፤ ወንበሮቹም ወደ ጠረጴዛው ይጠጉ። ብሎን መፍቻ ከጎረቤቴ ከመካኒኩ ተውሻለሁ። ስለ ንብረት ቁጥሩም አይስጉ፤ አሥራ ሁለቱንም ቁጥሮች በጨርቅ ላይ ጠልፌ አዘጋጅቻለሁ፤ ከየስክሪኑ እግር ላይ አስራቸዋለሁ። ታጥበው የማይለቁ ናቸው።

ጻፊልኝ ያለችኝ እሷ አይደለችም። ከእገዳው ወዲህ የተናገረችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እራት ስናቀርብ፣ «አክስቴ፣ እውነት እጄ ዘግይቶ ይሆን እንዴ?» አለችኝ። ሰሃኑን አቀበልኳት። እኔ «አልዘገየም» ብላት «ዘመድ ነሽ» ትለኛለች። መልሱ ያለው ከአንድ ንጹሕ ስክሪን ፊት፣ አንድ ክንድ ርቀት ላይ ነው፤ ያንን ደግሞ የሚሰጡት እርስዎ ነዎት።

ዓይናችንን ስለጠበቁልን፣ ስክሪኑን ከእኛ ስለጠበቁት፣ እኛንም ከማሸነፍ ስለጠበቁን እያመሰገንኩ፣ ከእርስዎ ሁለት ሜትር ተኩል ርቄ፣ ከወንበሬ ሳልነቃነቅ፣ በታላቅ አክብሮት እጅ እነሣለሁ።

ከአጥሩ ጀርባ ያለችው ልብስ ሰፊ

ከፊርማዬ በኋላ የታወሰኝ፦ ማክሰኞ ማመልከቻዬን ይዤ ቢሮዎ ስመጣ እርስዎ ስብሰባ ላይ ስለነበሩ ጸሐፊዎ «ጠረጴዛቸው ላይ ያስቀምጡት» አለችኝ። የእርስዎ ስክሪን ሃያ አራት ኢንች ነው፤ ላስቲክ የለውም፤ ቁጥሩ ከጀርባው ተለጥፏል። ሜትር ከአንገቴ ስለማይለይ ከወንበርዎ ያለውን ርቀት ለካሁት፤ ልክ ስልሳ ሳንቲ ሜትር ነው። ከዚህ የተሻለ የመወዳደሪያ ቦታ በሕንጻው ውስጥ ስለሌለ፣ አዳራሹ እስከ ቅዳሜ ካልተስተካከለ የእህቴ ልጅ እዚያው ብትጫወት ደስ ይለናል። ስክሪንዎ ላይ በግማሽ ትተውት ስለሄዱት የካርታ ጨዋታም አይጨነቁ፤ ቀይዋ ንግሥት በጥቁሩ ንጉሥ ላይ ትገባ ነበር። ሳያዩት የቀሩት በርቀቱ ምክንያት እንዳልሆነ ግን እመሰክራለሁ።