ጓሮሽ ሲሚንቶ እንዳይለብስ

ለውድ እናቴ፣

እንዴት ሰነበትሽልኝ እማዬ? ጉልበትሽስ እንዴት ነው? ደረጃ ስትወጪ አሁንም ያዝ ያደርግሻል? ሳሉ ለቀቀሽ ወይ? ዓይንሽን ሐኪሙ ካየው በኋላ መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት ቻልሽ ወይስ አሁንም የልጅ ልጅሽን ትጠሪያለሽ? እኔ ደህና ነኝ። ቀኑን ሙሉ ቆሜ ልብስ ስተኩስ እግሬ ከማበጡ በቀር ምንም አልሆንኩም። ናፍቆትሽ ግን አለ፤ የለም ብልሽም አታምኚኝም።

የምጽፍልሽ ለሰላምታ ብቻ አይደለም፤ ልከራከርሽ ነው። በስልክ እንዳላነሳው ታላቁ ልጅሽ ጋሼ ሁልጊዜ አጠገብሽ አለ፤ መሃል ይገባና ወሬውን ይወስደዋል። ስለዚህ መነጽርሽን አድርጊና ራስሽ አንብቢው።

ጋሼ ባለፈው ደውሎ ጓሮውን በሙሉ ሲሚንቶ ሊያስለብሰው እንደሆነ፣ ሠራተኞቹም በወሩ መጨረሻ እንደሚመጡ ነገረኝ። አንቺም እሺ ብለሻል አሉ። ትሉ በሶብላውን ሙልጭ አድርጎ ስለበላው ደክሞኛል፣ ደግሞስ ለማን ብዬ ነው የምተክለው ብለሻል አሉ። አባዬ ከሞተ ወዲህ ጠዋት ከአልጋ የሚያስነሳሽ ያ ጓሮ እንደሆነ አውቃለሁ። ጎረቤቶቹም ቅጠል ልንቀጥፍ ነው እያሉ አይደል የሚገቡት? ቅጠሉ ከቀረ ማን በሩን ያንኳኳል? ቀኑን ሙሉ ከግድግዳ ጋር ተፋጠሽ ልትውዪ ነው። ይህን እጄን አጣጥፌ አላይም።

የትሉን ነገር ደግሞ ለእኔ አታውሪኝ። እኔ እዚህ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን በማያስቆም በረንዳ፣ ከትል ጋር ዓመት ሙሉ ስዋጋ የከረምኩ ሰው ነኝ። አምና ስትሸኚኝ ከሰጠሽኝ የእንስላልና የጤና አዳም ዘር ግማሹን በባዶ የቀለም ባልዲ ዘራሁት፤ በሶብላ ደግሞ ከገበያ ችግኝ ጨመርኩበት። ገና ቅጠል ብቅ ሲል አረንጓዴ ትል መጣበት። ዓይኔ ደም ለበሰ። ከምሠራበት ልብስ ማጠቢያ ቤት የሳሙና ውሃ አምጥቼ ረጨሁት፤ ለሆቴል አንሶላ የተሠራ ሳሙና መሆኑን በዚያ ንዴት ማን ያስብ? ትሉ በሰላም ዋለ፣ ቅጠሉ ግን እሳት እንደለበለበው ጠቆረ።

እልህ ያዘኝ። ከሳሙናው የተረፈውን እንስላል በመኝታዬ አጎበር ሸፈንኩና ዙሪያውን በልብስ መቆንጠጫ ቆነጠጥኩት። እኔን ትንኝ ይብላኝ ብዬ ማለት ነው። እንስላሉ አማረ፣ አበባም አወጣ፤ ዘሩን ልልክልሽ ቀን እቆጥር ነበር። ሲደርቅ ባሸው ገለባ ብቻ ሆነ። ቅስሜ ስብር አለ። ከፊት ለፊቴ የምትኖረው ልብስ ሰፊ፣ ሕንጻው በሙሉ ዳኛዋ የሚላት፣ አጎበሩን አይታ እስኪያንቃት ሳቀች። ንቧን በር ዘግተሽባት ፍሬ ትጠብቂያለሽ ወይ አለችኝ።

ዘንድሮ በቀረው ዘር እንደገና ጀመርኩ፤ አጎበሩም ወደ አልጋዬ ተመለሰ። አንዱን ባልዲ ለትሎቹ ለቀቅኩላቸው፤ ከሌላው ላይ ያገኘሁትን በማንኪያ አንስቼ እዚያ አሰፍረዋለሁ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ያንን ባልዲ ግንዱ እስኪቀር ግጠውታል። በሶብላውንም ክሽክሽ የሚሉት ደቃቅ ተባይ ወረረው። ሳሙናዬን ይዤ ስነሳ ዳኛዋ አንድ ሳምንት ታገሺ ብላ እጄን ያዘችኝ፤ ጥርሴን ነክሼ ታገስኩ። በአምስተኛው ቀን እነዚያ ጀርባቸው ቀይ ሆኖ ጥቁር ነጠብጣብ ያለባቸው ትንንሽ ጥንዚዛዎች መጥተው ይለቅሙት ጀመር። ከትሎቹ አንዱ ደግሞ በረንዳው ብረት ላይ ተጣብቆ ደርቆ ነበር፤ አንድ ጠዋት ወደ ሥራ ልወጣ ስል ተሰነጠቀና ቢራቢሮ ወጣችበት። ክንፏ እስኪደርቅ ቆሜ ሳያት አረፈድኩ። አለቃችን የት ቀረሽ ስትለኝ ቤቴ እንግዳ ነበረብኝ አልኳት።

ዘንድሮ የእንስላሉ ዘር ሙሉ ነው። ቅጠሉም ለእኔ፣ ለዳኛዋና ለሥራ ጓደኞቼ ደርሶ ተርፏል። ባልዲ ይህን ካደረገ ያንቺ ጓሮ ምን ያቅተዋል?

ጋሼን አልወቅሰውም። የጓሮው ጭቃ አንሸራትቶ የጣለሽ ዕለት ድምፁ እየተንቀጠቀጠ ነበር የደወለልኝ። ስለዚህ ከማዕድ ቤቱ በር እስከ ቧንቧው ድረስ አንድ ሰው የሚያስኬድ መንገድ በሲሚንቶ ይሥራልሽ፣ የእጅ መደገፊያ ብረትም ያቁምልሽ። የቀረውን አፈር አይንካው፣ መርዝም አይርጭበት። አንቺም አንዱን መደብ ለትሎቹ ልቀቂላቸውና ተገላገዪ።

ለማን ብዬ ላልሽው ደግሞ፣ ለእኔ ብለሽ ትከዪ። የዓመት ፈቃዴን አስፈቅጃለሁ፤ ከአራት ወር በኋላ እመጣለሁ። ጓሮው ሲሚንቶ ሆኖ ከጠበቀኝ በመዶሻ እሰብረዋለሁ፤ አልቀለድኩም።

ጋሼን ሰላም በይልኝ፤ መቆጣቴን ባትነግሪውም መንገዱን ቶሎ እንዲጀምር ንገሪው። ባለቤቱን እትዬን በጣም ናፍቄያታለሁ በያት። ልጃቸውን ለፈተናዋ በርቺ ብላለች በይልኝ። አክስቴን ጉንጯን ሳሚልኝ። ቅጠል የሚቀጥፉትን ጎረቤቶች በሙሉ አንድ በአንድ ሰላም በይልኝና፣ በወሩ መጨረሻ በጠዋት መጥተው ጓሮው ውስጥ በርጩማ ይዘው እንዲቀመጡልኝ ለምኛቸዋለሁ በያቸው። ሰው የተቀመጠበት ላይ ሲሚንቶ የሚያፈስ ሠራተኛ የለም።

ትንሿ ልጅሽ

ከሦስተኛ ፎቅ በረንዳ
ሚያዝያ 8 ቀን