የወፎቹን ሣጥን የምትከፍተው ጦጣ

ሐሙስ፣ ጥር 9 ቀን

ለውዷ ልጄ፣ ለቁንጥንጧ፤

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ ደህና ነን፤ ደህና ስልሽ እንግዲህ እንደ ነገሩ ነው።

ለእናትሽ የላክሽላት የወፎች መመገቢያ ሣጥን ጓሮ፣ ከመኝታ ቤቱ መስኮት ፊት ለፊት ተሰቅሏል። እህሉን የሚበሉት ግን ወፎች አይደሉም። አንዲት ጦጣ በየጠዋቱ በአጥሩ ላይ ትመጣና፣ የቤቱ ባለቤት መስላ ክዳኑን ትከፍታለች። ወፎቹ ሽቦው ላይ ተደርድረው ይጠብቃሉ፤ እሷ ጠግባ የበተነችውን ይለቅማሉ።

ዕድሜ ልኬን ቁልፍ ስሠራ ኖሬ በጦጣ መሸነፍ አልዋጥልህ አለኝ። መንጠቆ ገጠምኩ፤ ከፈተችው። መቀርቀሪያ አደረግሁ፤ እዚያው ቆሜ እያየኋት ከፈተችው። ጎረቤታችን አናጢው በአጥሩ ላይ አንገቱን ብቅ አድርጎ፣ «ጋሼ፣ ሱቁን ያስረክቧትና ጡረታ ይውጡ» ይለኛል። በመጨረሻ ባለ ሞላ ቁልፍ ሠራሁ። ስትታገለው ቆይታ ጥርሷን አሳይታኝ ሄደች። ደስ አለኝ፤ ምን እደብቅሻለሁ።

እናትሽ ግን ምሳዋን አልነካም አለች። «ምን ሆንሽ?» ብላት፣

«ልጄን ከደጅ መለስካት። ጦሟን አዋልካት» ብላ አለቀሰች።

ለካ በየጠዋቱ በመስኮቱ፣ «አንቺ ቁንጥንጥ፣ ቀስ ብለሽ ብይ፤ ያንቅሻል» የምትለው ጦጣዋን አንቺ አድርጋት ኖሯል። እኔ ቀልድ መስሎኝ አብሬያት ስስቅ ነበር።

ቁልፉን ያኔውኑ ነቀልኩት። እስከ ዛሬ ከሠራኋቸው ሁሉ እንደ እሱ የተዋጣልኝ የለም። በማግስቱ ጦጣዋ መጣች፤ እናትሽም በላች።

በስልክ፣ «ድምፄን እንኳ አታውቀውም፤ ብመጣስ ምን ዋጋ አለው?» ብለሽኛል። እውነቱን ልንገርሽ፤ በር ከፍተሽ ብትገቢ እሷን ልታይ የምትመጣውን ነርስ ትመስያት ይሆናል። እኔንም አንዳንድ ቀን በር ሊጠግን የመጣ ሠራተኛ ታደርገኛለች። ሻይ ጋብዛ፣ አመስግና ታሰናብተኛለች። እኔም አመስግኜ ወጥቼ፣ ትንሽ ቆይቼ እመለሳለሁ። ይከፋኛል፤ ግን ለምጄዋለሁ።

ያም ሆኖ ነይ፤ ዛሬ ነገ አትበይ። ስትደርሺ በበሩ አትግቢ። በጓሮ ዞረሽ ሣጥኑ ሥር ቁሚ፤ እናትሽ የምትጠብቅሽ እዚያ ነው።

መንገድሽ የቀና ይሁን፤ ዓይንሽን ለማየት ያብቃን።

አባትሽ