በቀን አራት ጊዜ ጠብ

ጥር 2

የጠዋቱን ጠብታ አደረግኩላት። ግራ ዓይን። አልጋው ጫፍ ላይ ትቀመጣለች፣ አንገቷን ወደ ኋላ ትጥላለች፣ እኔ ጠርሙሷን ይዤ አነጣጥራለሁ። ልክ ጠብታዋ ስትወርድ ጭፍን! ጉንጯ ጠጣላት።

«ዓይንሽ እንደ መንግሥት ቢሮ ነው፤ ባለጉዳይ ሲመጣ ይዘጋል» አልኳት። አልሳቀችም።

ሞራው ከተገፈፈላት አሥር ቀን ሆነ። ሐኪሙ «በቀን አራት ጊዜ ጠብ፣ ለአንድ ወር» ብሎ ሲያዝ፣ «ዶክተር፣ እኛ ቤት ጠብ በቀን አራቴ ብቻ ከሆነማ ቀንሰናል» ብዬው ነበር። ሐኪሙ ሳቀ። ነርሷ ሳቀች። ሚስቴ ጫማዋን አየች።

ልጃችን ከሥራ ስትወጣ መጣች። የእናቷ የጉዞ ነገር። ከብርድ ልብስ ፋብሪካው አብረዋት ጡረታ የወጡ ሴቶች፣ አሥራ አራት ሆነው፣ ስምንት ቀን ውጭ አገር። ወንድ አይገባም።

«ስሙ ምንድነው ያላችሁት?»

«ሪትሪት፣ አባዬ።»

«ሪት… ሪት? እናትሽ ወይዘሪትነቷን ከተወች አርባ አራት ዓመቷ። አሁን ወይዘሮ ሆና ሄዳ ሁለት ጊዜ ሪት ሆና ልትመለስ ነው?»

«ገለል ብሎ ማረፍ ማለት ነው። ዝም ብሎ ራስን ማድመጥ…»

«ራሷን ለማድመጥ አውሮፕላን ያስፈልጋታል?»

«እዚህ አይሰማማ!» አለችኝ የወለድኳት ልጅ።

ጠብታውንስ ማን ሊያደርግ? «እዚያ አብራኝ የምታድረው ጓደኛዬ ታደርግልኛለች» አለች ሚስቴ። ያቺ? መርፌ ቀዳዳ ውስጥ ክር ለማስገባት ግማሽ ቀን የሚፈጅባት? «እኔ እሄዳለሁ» አልኩ። እናትና ልጅ ተያዩ። «ይምጡ እንግዲህ» አለች ሚስቴ። ደስ ያላት አትመስልም።

ባሕር አይታ አታውቅም። ከደረሱ በአምስተኛው ቀን ባሕር ይወስዷቸዋል። የዳነው ዓይኔ መጀመሪያ የሚያየው ትልቅ ነገር እሱ ይሁንልኝ አለች። ለልጇ ነው የነገረችው። እኔ ከጓዳ ሰማሁ።

ጥር 6

አውሮፕላን ማረፊያ። ሴቶቹ ሻንጣቸውን ይዘው ተሰልፈዋል። ዝም ማለት ይሻል ነበር…

«አደራችሁን» አልኳቸው፣ «እዚያ የሚወስዳት ሰው ከተገኘ አትከራከሩት። ከነጠብታዋ ስጡት።»

አሥራ ሦስቱ ሳቁ። ቆጥሬያለሁ። አሥራ አራተኛዋ «ምነው…» ብላ ጀመረች።

«ምነው ቀደም ብለው በሰጡኝ፣ ልትል ነው!» ብዬ ጨረስኩላት። ሌላ ሳቅ።

ምን ልትል ነበር ግን? አሁን አጠገቤ እንቅልፍ ወስዷታል። ወይ የተኛች መስላለች። ስትነቃ እጠይቃታለሁ።

አልጠየቅኩም።

ጥር 7

ደረስን። ሴቶቹ ወደ ግቢው፣ እኔ ወደ ውጭ። ግንቡ ከእኔ ቁመት በእጥፍ ይበልጣል። በሩ ፍርግርግ ብረት። እኔን ከመንገዱ ማዶ፣ ከብስክሌት ጠጋኙ በላይ ባለች ክፍል አስገቡኝ። አልጋው ወይ ራሴን ወይ እግሬን ይይዛል፤ ሁለቱን ባንዴ አይችልም። ቧንቧው ሲከፈት ያስላል፣ ሲዘጋ ያለቅሳል። ባለቤቲቱ ሁለት የተቀቀለ እንቁላል አምጥታ ቆማ አየችኝ፣ እስክጨርስ። አንድ ቃል አንግባባም።

የሴቶቹ መሪ ለጋ ሴት ናት፣ የልጄ ጓደኛ። ትንሽ ደወል አንገቷ ላይ አንጠልጥላለች። ቃጭሊት ብያታለሁ።

«አባባ፣ ከነገ ጀምሮ አራት ቀን ዝምታ ነው። ቃል የተናገረች እንደገና ከአንድ ትጀምራለች። ጠብታውን በሩ ላይ ያደርጉላታል፣ በቀን አራቴ፣ አምስት አምስት ደቂቃ።»

«እኔስ መናገር እችላለሁ?»

«እርስዎን ማን ይከለክላል» አለች። ልጄ ነግራታለች ማለት ነው።

ሠላሳ ሁለት ዓመት የስልክ እንጨት ላይ ወጥቼ የሰው ወሬ ስቀጥል የኖርኩ ሰው… አሁን ከገዛ ሚስቴ ጋር መስመር የለኝም።

ጥር 8

ዝምታ ነው ያሉትን አየሁት! ጠብታውን አድርጌ ስጨርስ በፍርግርጉ ወደ ውስጥ ባይ፣ አሥራ አራት ሴት በእጃቸው ሲንጫጩ። ፋብሪካው ውስጥ ማሽኑ ስለሚያደነቁር ሠላሳ ዓመት በምልክት ነው የተነጋገሩት። አንዷ ጣቷን ታጥፋለች፣ ሌላዋ ትከሻዋን ትነካለች፣ ሦስተኛዋ ሆዷን ይዛ ያለ ድምፅ ትንፈራፈራለች። ቃጭሊት ዓይኗን ጨፍና ዝምታውን ታዳምጣለች። ምስኪን።

ከዚያ ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። አንዷ የሆነ ነገር በእጇ አለች። አሥራ ሦስት ትከሻ ተንቀጠቀጠ። የሚስቴም ጭምር።

ምን አለች? አርባ አራት ዓመት አብሬያት ኖሬ አንዷን ምልክት አላውቅም። ቤት ውስጥ አሳይታኝ አታውቅም… ወይስ ጠይቄያት አላውቅም?

ጥር 9

ዝናብ። ሁለት እንቁላል። አራት ጠብታ። ከእሷ አንድ ቃል የለም። እኔ የተናገርኩትን አልቆጠርኩም።

ጥር 10

እጄን ቢቆርጡት ይሻለኝ ነበር። ምላሴን ነው እንጂ።

የስድስት ሰዓቱ ጠብታ ላይ ነው። አንገቷን ጥላ ተቀምጣለች። የባለቤቲቱን ነገር አነሳሁ። «ዛሬ ጠዋት እንቁላል በቃኝ ልላት ፈለግኩ። በምን ቋንቋ? እንደ ዶሮ ክንፌን አራገብኩ፣ ራሴን ወዘወዝኩ፣ ሆዴን ይዤ አቃሰትኩ። ሴትዮዋ ገባት። እየሮጠች ሄዳ ሦስት አመጣችልኝ!» ጠርሙሷን እንደያዝኩ ክንፌን አራገብኩላት።

«ኧረ ይተዉኝ!» ብላ ፈነዳች። እንባዋና ጠብታው ተቀላቀለ። እንዲህ ስትስቅ ከሰማሁ ስንት ጊዜዬ?… ደስ አለኝ። በጣም ደስ አለኝ።

ቂል!

ቃጭሊት ከኋላዋ ቆማለች። ደወሏን አንዴ ነካችው። «እማማ፣ ይቅርታ። ከአንድ ይጀመራል።»

ያኔ ነው የገባኝ። ከአንድ ከጀመረች ባሕሩ ቀረ። ሌሎቹ ሲሄዱ እሷ ግቢ ውስጥ ዝም ብላ ልትቀመጥ ነው።

«ጥፋቱ የእኔ ነው» አልኩ። «አራቱን ቀን እኔ ዝም ልበልላት።»

«አባባ፣ እርስዎ አራት ደቂቃም አይችሉ» አለች። ሐቅ ነው፤ ይህን ብላኝም ዝም አላልኩም፤ ተከራከርኩ።

ሚስቴ ተነሳች። መዳፏን ወደ መሬት አድርጋ አየሩን ወደ ጎን ቆረጠችው። አንድ ጊዜ። ከዚያ ጠርሙሷን ከእጄ ወስዳ ገባች።

ጥር 11

በሁለት ሰዓት በሩ ላይ ቆምኩ። ማንም የለም። በስድስት ቆምኩ። በአሥር ቆምኩ። ዘበኛው ወንበር አወጣልኝ። የሚታዘንለት ሰው ሆንኩ እንግዲህ!

ወደ ማምሻው የሌሎቹ ዝምታ አበቃ። ጫጫታው መንገዱን ተሻግሮ ተሰማኝ። ያቺ አብራት የምታድረዋ ወደ በሩ መጣች።

«ጋሼ፣ አይጨነቁ፣ ከትናንት ወዲህ ጠብታውን እኔ ነኝ የማደርግላት።»

«በየትኛው ዓይን?»

«በግራው ነዋ! እኔም ታምሜ መሰልዎት?»

«ነገስ?»

«ነገማ ባሕር ነን…» አለችና ዓይኗን ሰበረች።

መዳፌን ወደ መሬት አድርጌ አየሩን ቆረጥኩላት። «እንዲህ ማለት ምንድነው?»

«እሱ? ‹ማሽኑን አጥፊው› ነው። ክር ሲበጠስ ነው የምንለው። ካልጠፋ ጨርቁ በሙሉ ይበላሻል።»

ወደ አልጋዬ ተመለስኩ። እግሬን አስተኛሁ፣ ራሴ ውጭ ቀረ።

ጥር 12

ጠዋት አውቶቡሱ አሥራ ሦስቱን ጭኖ ሄደ። በመስኮት እጃቸውን አወዛወዙልኝ። ቃጭሊትም አብራቸው።

የስድስት ሰዓቱ ጠብታስ? ለዘበኛው ዓይኔን አሳየሁት፣ ወደ ውስጥ ጠቆምኩ። ዓይኔን አሞኝ መስሎት ውኃ አመጣልኝ። ሌላ ጊዜ ብደጋግም ሐኪም ሊጠራ ሆነ። በየሄድኩበት ሰው አይገባውም! ወይስ እኔ ነኝ…

ብስክሌት ጠጋኙ መሰላል አለው። በእጄ ጠየቅኩት፣ ሳያመነታ ሰጠኝ። ለእሱ አንድ ጊዜ መጠቆም በቃው።

ከጀርባ በኩል፣ ሰው በማያልፍበት፣ ግንቡ ላይ አስደገፍኩት። ጉልበቴ በየእርከኑ ተሳደበ። ሠላሳ ሁለት ዓመት የስልክ እንጨት የወጣሁትን ሰውዬ አሁን ስምንት እርከን ገደለኝ።

ሣሩ ላይ በጀርባዋ ተኝታለች። ብቻዋን። ጠርሙሷን ከፊቷ በላይ ይዛለች። የመጀመሪያው ግንባሯ ላይ። ሁለተኛው ጆሮዋ ውስጥ። ምላሴ ጫፍ ላይ መጣ፤ «ጆሮሽም ሞራ አለበት እንዴ?» ጥሩ ቀልድ ነበር። በጣም ጥሩ።

ዋጥኩት።

በሁለት ጣቷ ዓይኗን ከፍታ ያዘች። ጠብ። አልጨፈነችም። ጠርሙሷን ክዳን አድርጋ ሆዷ ላይ አስቀመጠችና ሰማይ ሰማይ ስታይ ቆየች።

ወረድኩ። መሰላሉን መለስኩ።

ትችላለች። ድሮም ትችል ነበር። እኔ ለጠብታው አይደለም የመጣሁት። ባዶ ቤት ፈርቼ ነው። ይኸው ጻፍኩት።

ጥር 13

ሁለት ሰዓት ላይ ወንበሬ ላይ ነበርኩ። በሩ ተከፈተ። ነጠላ ጫማዋን ሳይሆን የመንገድ ጫማዋን አድርጋለች፤ ቦርሳዋን ይዛለች።

«ጠብታውን ራሴ አድርጌዋለሁ» አለች። ድምጿ ከሦስት ቀን ዝምታ በኋላ ሻካራ ነው። «ና።»

ና! አርባ አራት ዓመት «ይምጡ» ስትለኝ የኖረች ሴት! ከኋላዬ ውሻ ይኖር እንደሆን ዞር ብዬ አየሁ።

«ማንን ነው?»

«አንተን።»

«ዝምታሽስ? አላለቀም እኮ።»

«ዝም ማለትማ ቤቴም ነበርኩ። ለእሱ አውሮፕላን አያስፈልገኝም። ደግሞ ትናንት ያ ቀዳዳ ኮፍያህ ከግንቡ በላይ ይታይ ነበር።»

«ከዚያ ርቀት ቀዳዳው ታየሽ?»

«ታየኝ።»

«በየትኛው ዓይን?»

«በግራው።»

መናገር አቃተኝ። እኔን!

የሕዝብ አውቶቡስ ያዝን። ሁለቴ ተሳሳትን፣ ሁለቴ ወረድን። ፀሐይ፣ ጥማት፣ ጫማዬ ውስጥ ጠጠር። ስድስት ሰዓት ላይ ደረስን። ባሕሩ ፊት ቆመች። ቀኝ ዓይኗን በመዳፏ ሸፍና በግራው ብቻ አየችው። ረጅም ጊዜ። «ዳር የለውም» አለች። ቀልድ ነበረኝ። መዳፌን ወደ መሬት አድርጌ በቦርሳዋ ጀርባ ደብቄ አየሩን ቆረጥኩ።

ቆይታ፣ «ምነው…» ብላ ጀመረች።

ጠበቅኩ። ማዕበሉ መጣ፣ ሄደ። ጠበቅኩ። መጠበቅ እንዲህ ከባድ ነው?

«ምነው አንድ ቀን እንኳ ‹አትሂጂ› ብትለኝ። አውሮፕላን ማረፊያው ላይ ልል የነበረው እሱን ነው።»

«አትሂጂ ማለት አቅቶኝ እኮ ነው ተከትዬሽ የመጣሁት።»

«አውቃለሁ» አለች።

ስንመለስ፣ «ይሄ ‹አንተ› ግን… ንቀት ነው?» ብዬ ጠየቅኳት።

«እግዜርንም አንተ ነው የምለው። ከእሱ ትበልጣለህ?»

ቃጭሊት በሩ ላይ ጠበቀችን። ደወሏን ልትነካ አለችና ተወችው።

ጥር 16

ቤት። ቁርስ፦ ሁለት የተቀቀለ እንቁላል። አውቃ ነው። እስክጨርስ ቆማ አየችኝ።

ልጃችን መጣች። ሚስቴ «አንተ፣ ሻይህ ቀዘቀዘ» ስትለኝ የልጄ ስኒ አየር ላይ ቀረ። አንዴ እናቷን፣ አንዴ እኔን አየች። ጣሪያው የሚወርድ መስሏት መሰለኝ።

«እሺ እመቤቴ፣ ይጠጣል። እርስዎም ይቀመጡ እንጂ» አልኩ።

ልጄ ሳቀች። እናቷም ሳቀች። ቀልዱ ግን በእኔ ላይ ነበር… ልማዴ ስላልሆነ ትንሽ ቆረቆረኝ።

ዛሬ አራት ጠብታ፣ አንድ ጠብ። ጠቡ ስለ መስኮት ነው፤ እሷ ይከፈት፣ እኔ ይዘጋ። ዓረፍተ ነገሯን እስክትጨርስ ጠብቄ ነው የተሸነፍኩት። ተከፍቷል። ይበርዳል።

አሥር ሰዓት ሲሆን ጠርሙሷን አነሳች። ራሷ ትችላለች። አልጋው ጫፍ ላይ መጥታ ተቀመጠች፣ ጠርሙሷን እጄ ላይ አደረገች፣ አንገቷን ወደ ኋላ ጣለች።

አልተናገርኩም። አልጨፈነችም።

ጠብ።